መብራት ሲሄድ ወሬ ይመጣል

በአማርኛችን መብራት «ይሄዳል»፣ «ይመጣል»። ሲሄድ የት እንደሄደ፣ ሲመጣም ለምን እንደዘገየ የሚጠይቅ የለም። በራሱ ፈቃድ የሚመላለስ እንግዳ አድርገን ለምደነዋል። ኔትወርክም ከዚሁ እንግዳ ጋር አብሮ መሄድና መምጣት ከጀመረ ሰንብቷል። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ግን ሁለቱ ሲሄዱ ቦታቸውን ተክቶ ስለሚመጣው ነገር ነው። የሚመጣው ወሬ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በአንድ አጥር ውስጥ በሚያድሩበት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ደግሞ ወሬ ሰው ይገድላል።

«ይገድላል» ማለቴ ለማጋነን አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ታጣቂዎች በኬንያ ወደ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተው 148 ሰዎችን ገደሉ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከ10 ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 4 ቀን፣ ገና ሳይነጋ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የኪኩዩ ግቢ የኤሌክትሪክ ፍንዳታ ተሰማ። ጠላት አልነበረም፤ የመብራት ብልሽት ብቻ ነበር። ከእንቅልፋቸው የባነኑት ተማሪዎች ግን ጋሪሳ በራቸው ላይ የደረሰች መሰላቸው። ከፎቅ ዘለሉ፤ በደረጃ ላይ ተረጋገጡ። 1 ተማሪ ሞተ፤ ከ100 በላይ ቆሰሉ። በዚያች ጨለማ ውስጥ አንድ የሚታመን ድምፅ፣ አንድ የእጅ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰው «የመብራት ብልሽት ነው፤ ባላችሁበት ቆዩ» ለማለት ቢደርስ ኖሮ ነገሩ እንዲያ ባልሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰውን የጎዳው ከፍንዳታው ይልቅ ከፍንዳታው በኋላ የነበረው ዝምታ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። የምኖረው ተፍኪ ነው። ተፍኪ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ሰበታን አልፎ፣ አዋሽ በክረምት ሞልቶ በሚተኛበት በበቾ ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አካባቢው ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል ዋልካ አፈር ነው። ዋልካው ውኃ ሲጠግብ የመብራት ምሰሶ ይዘማል፤ ምሰሶው ሲዘም ሽቦ ከሽቦ ይነካካል፤ ሽቦው ሲነካካ መብራት ይሄዳል። ከጊቤ ግድቦች የሚነሣው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ግን ከዚሁ ምዕራባዊ አቅጣጫ መጥቶ ሰበታ ማከፋፈያ ጣቢያ ይገባል። የዋና ከተማዋ ብርሃን ከደጃችን እያለፈ እኛ በኩራዝ እናመሻለን።

አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ዕጣ በአብዛኛው ይኸው ነው። ለከተማዋ መብራት ሰበታ፣ ለገፈርሳ ውኃዋ ቡራዩ፣ አገሪቱን ከውጭው ዓለም ጋር ላገናኘው የሳተላይት ጣቢያ ደግሞ ሱሉልታ መሬታቸውን ሰጥተዋል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። ስሙ ቢለወጥም ከመሠረተ ልማቱ አጠገብ መኖርና ከመሠረተ ልማቱ መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው አልተለወጠም። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የተሠሩት እንደዚህ ባሉ ቦታዎች፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ነው።

በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ከጥቂት ጊዜ በፊት የድንገተኛ ጊዜ የመገናኛ ዕቅድ እንዲያዘጋጅ አንድ ኮሚቴ ተቋቁሞ እኔም አባል ሆኜ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ለራሳችን ሦስት ቀላል ጥያቄዎች አቀረብን። አደጋ ሲደርስ የሚናገረው ማን ነው? በምን ይናገራል? ማንስ ይሰማዋል? ለሦስቱም ያገኘነው መልስ አንድ ነበር፤ ሞባይል። ፕሬዚዳንቱ ለተማሪዎች ዲን ይደውላል፤ ዲኑ ለፕሮክተሮች ይደውላል፤ ፕሮክተሩ ለተማሪ ተወካዮች በቴሌግራም ይጽፋል። ክሊኒኩ አምቡላንስ ሲፈልግ በሞባይል ይጠራል። በአዲስ አበባ የምናውቃቸው የእሳት አደጋው 939፣ የቀይ መስቀሉ 907 እና የፖሊሱ 991 ሁሉም የስልክ ቁጥሮች ናቸው። ስልክ ከሌለ ቁጥሮቹ ግድግዳ ላይ የተጻፉ አኃዞች ሆነው ይቀራሉ።

እንግዲህ መብራት ሲሄድ ሞባይል ምን እንደሚሆን እንመልከት። የኔትወርክ ማማው እንደ ማንኛውም ቤት ከመስመሩ መብራት ይወስዳል። መስመሩ ሲቋረጥ በባትሪ ጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ጄኔሬተር ካለውም ነዳጅ እስካለ ድረስ ይሠራል። መንገዱ በጎርፍ ወይም በግጭት ከተዘጋ ነዳጅ የሚያደርስለት የለም። በግቢው ውስጥ ደግሞ ተማሪው መብራት ሲሄድ ስልኩን ፋና ያደርገዋል፤ በሱ ያነብበታል፣ በሱ ደረጃ ይወጣበታል። በዚህም ምክንያት ማማው ሳይሞት ስልኩ ይሞታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲደውል ደግሞ አንድ ማማ የሚያስተናግደው ጥሪ ውስን ስለሆነ መስመሩ ይጨናነቃል። የአጭር ጽሑፍ መልእክት በቀጭን መንገድ ስለሚያልፍና ተራውን መጠበቅ ስለሚችል ድምፅ እምቢ ባለበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ነገር ግን ይህን ለተማሪዎቹ አስቀድሞ የነገራቸው የለም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «የኃይል ችግሩ እኮ እየተፈታ ነው» ይሉኛል። በእርግጥ ግንቦት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. የጊቤ 3 ውኃ በማነሱ 476 ሜጋ ዋት ጎደለ ተብሎ መብራት በፈረቃ የታደለበትን ጊዜ የምናስታውስ ሁሉ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ ብሎናል። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ የተፍኪን ምሰሶ ማቅናት ሌላ ነገር ነው። ግድቡ ሞልቶ ሳለ አንድ ትራንስፎርመር ሲቃጠል አንድ ሙሉ ግቢ ይጨልማል። ተጠባባቂ የሚያስፈልገውም አገር ድሃ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሀብታሞቹም ይጨልማሉ። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ መብራቱም ስልኩም አንድ ላይ ወደቁ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ያን ጊዜ 50 ፈቃደኛ የአማተር ሬዲዮ ባለሙያዎች ይላኩልኝ ብሎ ነበር የጠየቀው።

እስካሁን ያልኩት በራሱ ስለሚሄደው መብራትና ኔትወርክ ነው። በአገራችን ግን ሌላ ዓይነት መቋረጥ አለ፤ በትእዛዝ የሚሄድ ኔትወርክ። ከምርጫ 97 በኋላ የአጭር ጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ሳይከፈት ቆየ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2008 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፣ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ፈተናውን ለመጠበቅ በሚል የአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግሥቱ የተዘጋው ኢንተርኔት ለብዙዎቻችን የተመለሰው ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነበር። በትግራይ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።

ኢንተርኔት የሚዘጋው የጥላቻ ወሬ እንዳይሠራጭ ነው የሚለውን ክርክር አቃልዬ አላየውም። በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቀ ሐሰት ደም እንዳፋሰሰ እኛም አይተናል። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ ኔትወርኩ ሲዘጋ ወሬው ተዘጋ ወይ? በሰኔ 2012 መጨረሻ በዙሪያችን ባሉ ከተሞች የነበርን ሰዎች መልሱን እናውቀዋለን። ወሬው ኔትወርክ አልጠየቀም። በሚኒባስ መጣ፤ በወፍጮ ቤት ወረፋ መጣ፤ በአጥር ላይ መጣ። ሊመጣ ያልቻለው ማስተባበያው ነው። ወሬ በእግሩ ይሄዳል፤ እውነት ግን ስልክ ካልተገኘለት ከቤቱ የማይወጣ ሆኖ ቀርቷል።

ጎረቤቴ የሆኑ፣ «እትዬ» እያልኩ የምጠራቸው ሴት በ2013 ዓ.ም. ልጃቸው በትግራይ ከሚገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ትማር ነበር። በሰኔ መጨረሻ የፌዴራል ሠራዊት ከመቐለ ከወጣ በኋላ በመቐለ፣ በአክሱም፣ በአዲግራትና በራያ ዩኒቨርሲቲዎች ከሌላ ክልል ሄደው ይማሩ የነበሩ ተማሪዎች ወላጆች ልጆቻቸውን በስልክ ማግኘት አቃታቸው። እትዬ ስልካቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ይዞሩ ነበር። አንድ ማታ ከበራቸው ላይ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንተ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ አይደለህ?»

«ነኝ እትዬ።»

«ታዲያ እናንተ ዩኒቨርሲቲዎቹ እርስ በርሳችሁ የምትጠያየቁበት ሌላ ነገር የላችሁም? እኛስ መሃይሞች ነን፤ ስልክ ሲጠፋ ጠፋ ነው። እናንተም እንደኛ ናችሁ?»

እንደሳቸው ነን። ይህን ከማለት በቀር የምላቸው አልነበረኝም። ልጅቷ በሐምሌ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በአፋር በኩል ተጓጉዛ ቤቷ ገባች። የእትዬ ጥያቄ ግን ከኔ ጋር ቀረ። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና፣ የኮምፒዩተር ሳይንስ፣ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች አሉ። ሞገድ ከአንቴና ወደ አንቴና እንዴት እንደሚሄድ በሰሌዳ ላይ በቀመር እናስተምራለን። አንዲት እናት «ልጅሽ ደህና ናት» የሚል ሦስት ቃል በምን ሊደርሳት እንደሚችል ስትጠይቀን ግን መልስ የለንም።

ከዚያ በፊትም የከበደ ሐዘን ነበረ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ታገቱ። ወላጆቻቸው የያዙት ከልጆቻቸው ስልክ የሰሙትን የመጨረሻ ቃል ብቻ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እስከ መጋቢት ድረስ ቆየ። በጥር መንግሥት 21 ተማሪዎች ተለቀዋል ሲል ቤተሰቦች ደግሞ «የት አሉ? እኛ ድምፃቸውን አልሰማንም» አሉ። ለነዚያ ወላጆች ተጠባባቂ መገናኛ ልጆቻቸውን ያስመልስላቸው ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ነገሩ ከመገናኛ በላይ ነው። ነገር ግን ማን ከግቢው መቼ እንደወጣ፣ በየትኛው መኪና እንደተሳፈረ፣ ደርሶ እንደሆነ የሚመዘግብና ለወላጅ ቃሉን የሚሰጥ ተቋም መኖር ነበረበት። በ2012 ዓ.ም. በየግቢው በተነሣው ሁከት ተማሪዎች በሺህ ሲመለሱም ይህ መዝገብ አልነበረም። መዝገቡ የነበረው በወላጅ ስልክ ውስጥ ባለው የጥሪ ዝርዝር ነው።

ወደ ኮሚቴያችን ልመለስ። ጥናቱን ጨርሰን የመጀመሪያውን ረቂቅ ስናቀርብ ለጥበቃ፣ ለክሊኒክና ለፕሮክተሮች ፈቃድ ያላቸው የእጅ ሬዲዮኖች እንዲገዙ፣ ከሌሎች ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጋርም የረጅም ርቀት የሬዲዮ ግንኙነት እንዲዘረጋ የሚል ሐሳብ ነበረበት። ዋጋው ብዙም አላከራከረም። ያከራከረው ሌላ ነገር ነው። አንድ የማከብራቸው አንጋፋ ባልደረባችን ብዕራቸውን አስቀምጠው «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ሬዲዮን ማን ይዞ ነበር ተብለን እንጠየቃለን» አሉ። ቤቱ ዝም አለ። ሁላችንም ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶናል። በመጨረሻ የጸደቀው ሰነድ «በድንገተኛ ጊዜ መረጃ በዩኒቨርሲቲው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ይገለጻል» ይላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እናደርጋለን ብለን ተሰብስበን፣ በኔትወርክ እናስታውቃለን ብለን ተለያየን።

ባልደረባችንን አልወቅሳቸውም። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንም ይዞ መገኘትንም በእስራት የሚያስቀጣ ነው። በኋላ አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮም ሁለተኛ የሞባይል ድርጅት በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። የሕጉ ገጽ ተለውጧል። በየቢሮው ያለው ልማድ ግን አልተለወጠም። ልማዱ «ሁለተኛ መስመር የፈለገ ሰው አንድ የሚደብቀው ነገር አለው» ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፤ በአገራችን የተጠባባቂ መገናኛ ጉዳይ ከመሣሪያና ከገንዘብ በፊት የመተማመን ጉዳይ ነው። ባትሪ መግዛት ቀላል ነው። መንግሥት ዩኒቨርሲቲን፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን እንዲያምን ማድረግ ግን ከባድ ነው።

የሚገርመው ቀድሞ እንዲህ አለመሆናችን ነው። በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ለአድዋ የተጠራው ሕዝብ በስልክ አልተጠራም። ነጋሪት ተመታ፣ አዋጅ ተነገረ፣ መልእክተኛ ፈረሱን ጫነ፤ ገበያውና ደጀ ሰላሙ ቃሉን አደረሱት። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር የተዘረጋው በዚያው ዘመን ቢሆንም የመጣው በነዚህ ሁሉ ላይ ተጨማሪ ሆኖ ነው እንጂ እነሱን ተክቶ አይደለም። ዛሬም በገጠራችን እሳት ሲነሣ ወይም ሰው ሲጠቃ እሪታ ይሰማል፤ እሪታ የሰማ ሁሉ ይወጣል። ማን ይውጣ፣ ምን ይያዝ፣ ወዴት ይሩጥ የሚለው ከልጅነት ጀምሮ የታወቀ ነው። የገበሬው መንደር የድንገተኛ ጊዜ ዕቅድ አለው፤ የፕሮፌሰሮቹ ግቢ ግን የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚደረገውን በደረጃ ባስቀምጠው ማለፊያ ይመስለኛል።

አንደኛ፣ ሰው። በየዶርሙ ፎቅ አንድ ተወካይ፣ በየሕንፃው አንድ ፕሮክተር፣ በየበሩ አንድ ጥበቃ አለ። ለነዚህ ሰዎች አስቀድሞ ትርጉሙ የታወቀ ደወልና ፊሽካ፣ በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይሰጥ። በችግር ቀን ደግሞ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ፣ ለምሳሌ በየሦስት ሰዓቱ ካፌው በር ላይ፣ ኃላፊነት ያለው ሰው ይቁምና ይናገር፤ የተናገረውም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰዓቱ ተጽፎበት ይለጠፍ። የሚናገረው አዲስ ነገር ባይኖረውም ይቁም። «አዲስ ነገር የለም» የሚለውም ቃል ከታመነ ሰው ሲመጣ ትልቅ ዜና ነው።

ሁለተኛ፣ ኃይል። በብዙ ግቢ ጄኔሬተሩ በቅድሚያ የሚያበራው የአስተዳደሩን ሕንፃ ነው። ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ። ክሊኒኩ፣ በሩ፣ የድምፅ ማጉያው፣ የስልክ መሙያ ጣቢያውና የመረጃ ማእከሉ ይቅደሙ። ለነዚህ ትንንሽ ሥራዎች ጥቂት የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ ይበቃል። ጄኔሬተሩም በየወሩ ጭነት ተሰጥቶት ይፈተን፤ ሳይፈተን የቆመ ጄኔሬተር በጨለማው ቀን አይነሣም።

ሦስተኛ፣ ሬዲዮ። በእጅ የተያዘ ሬዲዮ በሜዳ ላይ አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ግቢ ይበቃል። ከፍታ ሲያገኝ ደግሞ ሩቅ ያያል። ከሰበታ በላይ የቆመው ወጨጫ ከባሕር ጠለል ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ከራሱ ላይ የሚነሣ ሞገድ የበቾን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። በአጭር ሞገድ ደግሞ በሁለት ዛፍ መካከል የተወጠረ ሽቦና የመኪና ባትሪ ከበቂ በላይ ነው፤ ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ነጥሮ ይመለስና በመቶዎች ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለ ማማ ይሰማል። ይህ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ.ቲ.3 ኤ.ኤ. በሚል የጥሪ ስም 5 ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ይገኛል። ወጣት የምሕንድስና ተማሪዎች ከዓለም ዳርቻ ጋር የተነጋገሩበት ነው። አንድ ግቢ የቻለውን ሌሎቹ የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚህም ሌላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኤፍ ኤም 99.4፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኤፍ ኤም 91.5 የማኅበረሰብ ሬዲዮ መሥርተዋል። በሁለት ባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ በየዶርሙ ብትኖር እንዲህ ያለው ጣቢያ የግቢው ድምፅ ይሆናል።

አራተኛ፣ ወላጅ። ተማሪው ሲመዘገብ የቤተሰቡ ስልክ፣ የቀበሌውና የሚቀርበው ከተማ ስም በወረቀት ይያዝ፤ ሬጅስትራር ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በሌላ ክልል አንድ እኅት ዩኒቨርሲቲ ይኑረው። በአንደኛው ግቢ ስልክ ሲጠፋ በየዶርሙ «ደህና ነኝ» የሚል መዝገብ ይፈረም፤ መዝገቡ በሬዲዮ ይነበብ ወይም በመኪና ኔትወርክ እስካለበት ከተማ ይድረስ፤ እኅት ዩኒቨርሲቲው ለወላጆች ይደውል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሁከቱ በበረታባቸው ዓመታት የከተማው ነዋሪዎች ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን እንደ ልጅ የሚቀበሉበትን የቃል ኪዳን ቤተሰብ አሠራር ጀምሮ ነበር። እኔ ያን አሠራር ትልቅ የመገናኛ መረብ ነው እላለሁ፤ ሽቦም አንቴናም የለውም፣ ነገር ግን ልጁ የት እንዳደረ የምታውቅ አንዲት እናት በዚያው ከተማ ውስጥ አለች።

አምስተኛ፣ ሕግ። ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለዩኒቨርሲቲዎችና ለሆስፒታሎች የድንገተኛ ጊዜ የሬዲዮ ፈቃድን በግልጽ መመሪያ ይስጥ፤ ማን እንደሚይዘው፣ በየትኛው ሞገድ እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚቆጣጠረው ይጻፍ። መንግሥት ኔትወርክ ለመዝጋት የሚያስገድድ ምክንያት አለኝ ባለ ጊዜም የአምቡላንስ፣ የእሳት አደጋና የዩኒቨርሲቲ መስመሮች የማይነኩ ይሁኑ። አጭር ጽሑፍን ወይም ኢንተርኔትን ዘግቶ ድምፅን መተው እንደሚቻል ባለፉት ዓመታት ታይቷል። መለየት ከተቻለ የሕይወት መስመርንም መለየት ይቻላል።

መሣሪያ ብቻውን እንደማያድንም ላስታውስ። ሚያዝያ 8 ቀን 1999 ዓ.ም. በአሜሪካ ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች ሲገደሉ ግቢው መብራትም፣ ስልክም፣ ኢንተርኔትም ነበረው። የመጀመሪያው ተኩስ በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ 1፡15 ገደማ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ለተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው 3፡26 ላይ ነው። ሁለተኛውና ትልቁ ግድያ የተጀመረው 3፡40 ገደማ ነው። የጎደለው መስመር አልነበረም፤ ሳይዘገይ የሚናገር ሰው እንጂ። በዚያው በኬንያ ደግሞ ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ስትራዝሞር ዩኒቨርሲቲ የጥቃት ልምምድ ሲያካሂድ ሰዎች እውነት መስሏቸው ከፎቅ ዘለሉ፤ 1 ሠራተኛ ሞተች። ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነው፤ ለሰው አስቀድሞ መንገር።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ አመራሮችን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በዚህ የትምህርት ዓመት አንድ ቀን ይምረጡ። ከሳምንት በፊት ለተማሪው፣ ለወላጁ፣ ለከተማው ፖሊስና ለነዋሪው ልምምድ መሆኑን በይፋ ይንገሩ። ያን ቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት በግቢው መብራትም፣ ስልክም፣ ኢንተርኔትም እንደሌለ ይቆጠር። በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ አጭር እውነተኛ መልእክት ለስንት ተማሪ እንደደረሰ፣ ከስንት ዶርም «ደህና ነኝ» እንደተመለሰ በወረቀት ይቆጠር። ውጤቱ አሳፋሪ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። ይሁን፤ በልምምድ ቀን ማፈር በአደጋ ቀን ከማልቀስ ይሻላል። ለዚህ ጄኔሬተርም፣ በጀትም፣ የሚኒስትር ደብዳቤም አያስፈልግም፤ ፊሽካ፣ ወረቀትና እስክሪፕቶ፣ ተማሪውንም ማመን ይበቃል።

ቸር ወሬ ያሰማን።